አሥራ ሦስት መስመር ያለው ክብ

ሾፌራችን የተመታው እኔ የመጠይቅ ቅጾቹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ገጻቸውን ስቆጥር ነው። የመጀመሪያው ጥይት የፊት መስታወቱን በሳ፤ ሁለተኛው የሾፌሩን ደረት አገኘ። መኪናው ወደ ግራ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ገባ። እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ ስለቀረ ሞተሩ እየጮኸ ቀጠለ። እኔና ተመራማሪው በቀኝ በኩል ወጥተን ሳሩ ውስጥ በደረታችን ተኛን። ከፊታችን ይሄዱ የነበሩት አጃቢዎች ቆመው ተኩስ መለሱ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ሰዓቴን አይቼ ነው ይህን የምጽፈው፤ ተኩስ ሲጀመር ሰዓት ማየት ከሥራዬ የያዝኩት ልማድ ነው።

ሲያበቃ ከአጃቢዎቹ አንዱ ሞቷል፣ ሁለቱ ቆስለዋል። ሾፌራችን ገና በሕይወት ነበር። ከመሪው ስር ጎትተን አውጥተን ሳሩ ላይ ስናስተኛው ዓይኑን ከፍቶ አየኝና «ሞተሩን አጥፉልኝ፣ ይቃጠላል» አለኝ። ሄጄ አጠፋሁት። ስመለስ አልፏል።

ቅጾቹ በመንገዱ ላይ ተበትነው ነበር። ተመራማሪው ጎንበስ ቀና እያለ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል፣ የሾፌሩ ደም ያለበትን ወረቀት በሱሪው ይጠርጋል። በዚያ ሰዓት በጣም ተናደድኩበት። ኋላ ላይ ሳስበው በእጁ ሌላ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ስላላወቀ ነበር።

ወዴት እንሄድ እንደነበር ልናገር። ከአሶሳ ተነስተን በባምባሲ አልፈን፣ በወለጋ በኩል ዞረን ወደ ካማሺ ነበር። መንገዱ ወራት ተዘግቶ ከከረመ በኋላ ለአጀብ ተከፍቷል ተብሎ የመጀመሪያው ጉዞ ነው። እኔ በዚህ ክልል ሃያ ሦስት ዓመት በዘጋቢነት ሠርቻለሁ። ያደግኩት ደርግ ወላጆቼን ከወሎ አምጥቶ ባሰፈረበት መንደር ነው። ተመራማሪው ከአዲስ አበባ ሲመጣ የክልሉን መሥሪያ ቤቶች የሚያውቅና ኃላፊዎቹ በር የሚከፍቱለት ሰው ፈልጎ ወደ እኔ ጠቆሙት። ዕድሜው የወንድሜን ልጅ ያህላል። አንቱ ነበር የሚለኝ።

ጥናቱ ሲሰሙት ደም የሚያፈስ አይመስልም። በክልሉ ምርምር የሚሠሩ ድርጅቶች፣ ዘር የሚያሻሽሉት፣ አፈር የሚመረምሩት፣ የከብት በሽታ፣ ወባና ውሃ የሚያጠኑት፣ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚተባበሩ ለማወቅ ነው። ዘዴው የትስስር ትንተና ይባላል። እያንዳንዱ ድርጅት አንድ ክብ ይሆናል። ሁለት ድርጅቶች ናሙና፣ ዘር ወይም መረጃ ከተለዋወጡ በመካከላቸው መስመር ይሰመራል። ክቡ የሚተልቀው በሠራተኛ ብዛት ወይም በሕንፃ አይደለም። ሌሎቹ እርስ በርስ ለመገናኘት በእሱ በኩል ማለፍ የግድ ከሆነባቸው፣ ያ ክብ ይተልቃል።

የእኔ ሥራ መጠየቅ ነበር። አሶሳን ጨርሼ ሆሞሻና መንጌ ሄድኩ። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፤ አሶሳንና ካማሺን ከሚለየው ወንዝ ማዶ አንድ ነገር ሲያስፈልጋችሁ መጀመሪያ ማን ጋ ትደውላላችሁ የሚል። ኃላፊዎቹ ሌላውን ጥያቄ ፋይል እያገላበጡ ይመልሱልኛል፤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ግን ፋይል የሚያይ የለም። የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይነግሩኛል። የአፈር ጥናቱም፣ የወባውም፣ መንጌ ላይ ወርቅ የሚታጠብበትን ውሃ የሚመረምሩትም ያንኑ ቁጥር ነገሩኝ። አንዳቸውም ሌሎቹ የሚደውሉት ለዚሁ ሰው መሆኑን የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሰውየው ያለው ካማሺ ነው፤ መሄድ የነበረብን ለዚህ ነው።

ከተኩሱ በኋላ ወደ ኋላ ከመመለስ ወደፊት መቀጠል ይቀርብ ስለነበር አጃቢዎቹ ሬሳዎቹንና ቁስለኞቹን ጭነው ካማሺ አስገቡን። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ምርምር ጣቢያው ሄድኩ። ጣቢያ የሚሉት አንድ ቆርቆሮ ቤት፣ ከጀርባው የማሽላና የሰሊጥ የሙከራ ማሳ ነው። የቆርቆሮው ግድግዳ በጥይት ተበሳስቶ ጠዋት ፀሐይ በየቀዳዳው ይገባል። በሩ ላይ ጥበቃው ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሰላም ስላቸው ቅላፄዬን ሰምተው ሳቁ።

«አንቺ የወሎ ልጅ ነሽ» አሉኝ። «እኔም በአንድ ሰሞን ነው የመጣሁት። ላይሽን እዪው እስቲ፣ ደሙን ታጠቢ እንጂ፣ ሰው ያስደነግጣል።»

በጆግ ውሃ አምጥተው ራሳቸው አፈሰሱልኝ። እስክታጠብ ድረስ ስለ ትናንቱ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

ስልክ ቁጥሩ በሁሉም ሰው ቃል የተያዘው ሰው ከማሳው መጣ። ከጥበቃው በቀር የጣቢያው ብቸኛ ሠራተኛ ነው፤ የመስክ ቴክኒሺያን። ረዥም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ አርባ ያልሞላው። አፉን የፈታው በጉሙዝኛ ነው፤ አማርኛው የሥራ አማርኛ ነው፣ ሴትና ወንድ አይለይም። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ «እህቴ» እያለ በአንተ ነው የሚያናግረኝ።

«እህቴ፣ አንተ ቁጭ በል» አለኝ፣ የዘር ጆንያ እያነጠፈልኝ።

እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅሁት። መንገድ ሲዘጋ መኪኖች ይቆማሉ፣ ናሙና ግን ይበላሻል፣ የዘር ወቅትም ያልፋል። ስለዚህ እሱ ይሄዳል። ሞተር ብስክሌት በሚሄድበት በሞተር፣ በማይሄድበት በእግር፣ ወንዙ ሲሞላ በታንኳ። የትኛው ወንዝ፣ በየት በኩል እንደሆነ ያኔ ነግሮኛል፤ እዚህ አልጽፈውም። የአፈሩን ናሙና፣ የወባውን የደም ስላይድ፣ የከብቱን ጆሮ ቁራጭ ሁሉንም ከማሽላ ጋር በአንድ ጆንያ ይዞ ይሻገራል። ከታጣቂም፣ ከሚሊሻም፣ ከወታደርም ጋር በመንገድ ይገናኛል። ሁሉም ጆንያውን ከፍተው ማሽላ ያያሉ።

«መኪና ባንዲራ አለው» አለኝ። «ባንዲራ ያለው ይመታል። እኔ ጆንያ ነው ያለኝ።»

በዝርዝር እንዲነግረኝ ስጠይቀው አሥራ ሦስት ድርጅት ቆጠረልኝ። ለእያንዳንዱ ምን እንደሚያደርስ፣ ምን እንደሚቀበል፣ ማን ጋ እንደሚደውል ነገረኝ፣ እኔም በደብተሬ ጻፍኩ። ሲጨርስ ብዕሬን አየ።

«ይህን ሁሉ አንድ ሰው አያውቅም» አለ። «ሁሉም የራሱን አንድ ነው የሚያውቀው። ሁሉንም የሚያውቅ አሁን አንተ ብቻ ነህ።»

ስም አይወጣም ብዬ ቃል ሰጠሁት። ሽማግሌው ከበሩ ላይ ሆነው፣ የዚህች ልጅ ጥያቄ ከትናንቱ ጥይት ይበዛል ብለው አሳቁን። ቃሌን ጠብቄአለሁ። ስሙ የትም አልወጣም።

በሥራዬ ሦስት ነገር አላወጣም፤ መረጃ የሰጠኝ ሰው ያለበትን ቦታ፣ ያየሁበትን ሰዓት፣ የሄደበትን መንገድ። ስም ማውጣት የለበትም የሚለውንማ ጀማሪም ያውቀዋል። ሰው የሚሞተው በስም ሳይሆን በእነዚህ በሦስቱ መሆኑን ያወቅሁት ሁለት መረጃ ሰጪዎቼን ከቀበርኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ደንብ አንድም ቀን ጥሼው አላውቅም ነበር። ጥናቱን ግን እንደ ዘገባ አልቆጠርኩትም። ሥራው የሳይንስ ነው፣ ክብና መስመር ነው፣ ባለቤቱም ሌላ ነው ብዬ ነበር።

ውጤቱ የቀረበው ከሁለት ወር በኋላ አሶሳ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ነው። የክልሉ ምርምር ነክ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ ተወክለዋል። ለሾፌራችን የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። ቴክኒሺያኑ ተጋብዞ ነበር፤ መንገዱ እንደገና ስለተዘጋ አልመጣም።

ከስብሰባው በፊት ተመራማሪው ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ሲሞክር እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። የድርጅቶቹን ስም አውጥቶ በቁጥር ተክቷቸዋል። ሰው እንዲገባው ግን ክቦቹን በዘፈቀደ አልበተናቸውም፤ በክልሉ ካርታ አቀማመጥ ደርድሯቸዋል። የአሶሳዎቹ በአንድ በኩል ታጭቀዋል፣ የሆሞሻና የመንጌ ከላይ። ከወንዙ ማዶ፣ ለብቻው፣ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ቀይ ክብ ነበር። አሥራ ሦስት መስመር ከእሱ ወጥቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ተዘርግቷል።

«ይሄኛው ይታወቃል እኮ» አልኩት። «እዚያ ሌላ ጣቢያ የለም።»

«ቁጥር ነው እኮ ያለው፣ ስም የለውም» አለኝ። «ድርጅት ነው እንጂ ሰውም አይደለም።»

ጣቢያው ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ እንደሌለ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም ደም ባለው ቅጽ ላይ ጽፈነዋል። መልስ ልሰጠው ስል እንግዶች መግባት ጀመሩ። ሌላም ምክንያት ነበር፣ ላልደብቅ። ሥዕሉን ወድጄው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት በጋዜጣና በሬዲዮ ማሳየት ያልቻልኩትን ነገር፣ ይህ ክልል የቆመው ማንም በማያውቃቸው ሰዎች ላይ መሆኑን፣ ያ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ያሳይ ነበር። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

አቀራረቡ ጥሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ተመራማሪው፣ የአንድን ክብ አስፈላጊነት የምናውቀው ስናወጣው ነው ብሎ ቁልፍ ተጫነ። ቀዩ ክብ ከነመስመሮቹ ጠፋ። ቀሪው ሥዕል ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የወዲህና የወዲያ ማዶ ክቦች አንድም የሚያገናኛቸው ነገር ሳይኖር ተለያይተው ቀሩ። አዳራሹ ውስጥ የመገረም ድምፅ ተሰማ። መልሶ ተጫነ፣ ክቡ ተመለሰ።

አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ እጁን አወጣ። የባምባሲ ልጅ ነው፣ ተጫዋች፣ ለብዙ ዓመት የማውቀው።

«ዶክተር፣ ቁጥር ሰጥተኸው የደበቅኸው መስሎህ ነው?» አለ። «ይሄማ ኦቦሌሳችን ነው፣ ወንድማችን። ባለ ጆንያው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከጀርባ አንዱ ለካ ለእናንተም ያመላልሳል አለ፤ ሌላው እኔ ለእኛ ብቻ መስሎኝ አለ። ሰዎች እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ ሳቁ። ቀጥሎ አንዱ ሲያጨበጭብ ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበ። ስልኮች ወጡ። እኔም ቆሜ አጨብጭቤአለሁ።

ኃላፊው ማታውኑ ሥዕሉን በቴሌግራም ለቀቀው። ሁለቱንም ነበር የለቀቀው፣ ክቡ ያለበትንና የሌለበትን። በቀዩ ክብ ላይ ቀስት አድርጎ፣ የክልላችን ምርምር የቆመው በዚህ ሰው ነው፣ እሱ ቢወጣ ለሁለት እንሰነጠቃለን፣ ካማሺ ያለኸው ወንድማችን እናመሰግናለን ብሎ ጻፈበት። ከልቡ ነው። አንድ ባልደረባ በሕይወት እያለ ሲመሰገን ማየት እንደሚፈልግ ኋላ ነግሮኛል። ጠዋት ስነሳ ሥዕሉን አራት ሰው ልኮልኛል። ኃላፊውን ደውዬ አንሳው አልኩት። ለምን እንደሆነ አልገባውም፣ ግን አነሳው። እስከዚያ ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር። ለቴክኒሺያኑ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። በሰባት ቀን ውስጥ ሃያ ስድስት ጊዜ ደውያለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ደወለ። ድምፁን አላወቅሁትም። ጣቢያው ተቃጥሏል፣ ጥበቃው ተገድለዋል፣ ወንድማችንን ወስደውታል አለኝ። ማን እንደወሰደው አያውቅም። እኔም እስከ ዛሬ በማስረጃ ማለት የምችለው ነገር የለኝም፤ መሣሪያ የያዙ፣ አማርኛ የሚናገሩ፣ ሥዕሉ ያለበት ስልክ የነበራቸው ሰዎች ከማለት በቀር።

የሽማግሌውን አሟሟት በዚያ ቀን የነበሩ ሁለት የጎረቤት ሴቶች ለየብቻ ነግረውኛል፤ ቃላቸው ይገጥማል። በር ላይ ቆመው የማንን ፈቃድ ይዛችሁ ነው ብለው ጠየቁ። በሰደፍ ጥርሳቸውን መቷቸው። ወደቁ፣ ተነሱ፣ በሩ ላይ ተመልሰው ቆሙና ያንኑ ጥያቄ ደገሙ። ሆዳቸውን በጥይት መቷቸው። ቤቱ ሲቀጣጠል አሁንም ደጃፉ ላይ ነበሩ። የዘር ማሽላው በሙቀቱ እንደ ፈንዲሻ እየፈነዳ ለረጅም ጊዜ ሲንጣጣ ስለቆየ፣ የሩቅ ሰፈር ሰዎች ተኩሱ ያላቆመ መስሏቸው ከጫካ አልወጡም። ሬሳቸው ሲገኝ ነጭ የማሽላ ፈንዲሻ ሸፍኗቸው ነበር።

ቴክኒሺያኑ አሶሳ የደረሰው ከተወሰደ በአምስተኛው ቀን ነው፤ የከሰል ጆንያ በጫነ የጭነት መኪና ላይ፣ በሸራ ተሸፍኖ። ማን ጫነው፣ ከየት ጫነው፣ ሾፌሩ እንኳ በቅጡ አላወቀም። ሆስፒታል ሄድኩ። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ አይታዩም። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከአምስቱ ጣቶች አውራ ጣቱ ብቻ እንደተረፈች ነርሷ ነገረችኝ። አጠገቡ ስቀመጥ በእርምጃዬ ይሁን በምን አወቀኝ።

«እህቴ፣ አንተ ነህ?» አለ።

ማውራት የቻለው ከሳምንት በኋላ ነው። ደብተር ይዤ አልገባሁም። የነገረኝን እንደነገረኝ አስቀምጣለሁ።

ሜዳ ላይ አንበርክከው ስልኩን አሳዩት። ይህ ክብ አንተ ነህ ወይ አሉት፤ አላውቅም አለ። አንዱ የታችኛውን ጽሑፍ አነበበለት። አንተ ብትወጣ ለሁለት ይሰነጠቃል ተብሏል፣ ታዲያ ብናወጣህስ አለው። ቀጥሎ መስመሮቹን ቆጠሩ። አሥራ ሦስት። ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ እያንዳንዱ መስመር ማን ጋ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያመላልስበት ጠየቁት።

«የመጀመሪያውን ማሽላ ነው አልኩ» አለኝ። «በሰደፍ መታ። ሁለተኛው ሰሊጥ ነው አልኩ። መታ። ሦስተኛው ለውዝ። አራተኛው ኑግ።»

ያበጠው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ፈገግታ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ዘጠኝ ላይ ዘር አለቀብኝ። ከዚያ የማሽላውን ዓይነት በሙከራ ቁጥሩ ጠራሁ።»

አሥራ ሦስቱንም ጨረሰ። አንድም የድርጅት ስም፣ አንድም የሰው ስም አልተናገረም። በመጨረሻ ሥዕሉን ማን እንደሠራ፣ ማን እንደጠየቀው ጠየቁት።

«አንተን አላውቅም አልኩ» አለኝ።

በስብሰባው ላይ ተነስተን እንዳጨበጨብን አልነገርኩትም ነበርና ያን ቀን ነገርኩት።

ተመራማሪው ከአዲስ አበባ መጣ። ጥናቱን አቋርጦ፣ ሥዕሉን ካስቀመጠበት ሁሉ አጥፍቶ፣ ጽሑፉን ከሚታተምበት መልሶ ነበር። አልጋው አጠገብ ቆሞ ይቅርታ ለመጠየቅ ጀመረና መጨረስ አቃተው። ቴክኒሺያኑ በግራ እጁ ወንበሩን አመለከተው።

«ሥዕልህ ልክ ነው» አለው። «ቁጭ በል።»

በቀጣዩ ወር እኔ እንደ ልማዴ አጣራሁ። በቅጹ ላይ የነበሩትን ኃላፊዎች በሙሉ በስልክ አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ በዚህ ወር ከወንዙ ማዶ ምን ተቀበላችሁ፣ ምን ላካችሁ ብዬ። አንዳቸውም አልተቀበሉም፣ አንዳቸውም አልላኩም። የወባው ስላይድ አልመጣም። የሰሊጡ ዘር ወቅቱ አለፈው። ቁልፉ ተጭኖ ክቡ ሲጠፋ ግድግዳው ላይ ያየነው ሥዕል ከነስንጥቁ ያው ነበር። ካማሺ ብዬ ለመጻፍ የደፈርኩትም ዛሬ እዚያ ጣቢያም፣ የሚፈለግ ሰውም ስለሌለ ነው። የመስመሮቹን ቁጥርና ሌላም ሌላም ቀይሬአለሁ።

ከሆስፒታል ወጥቶ አሶሳ ዘመዱ ቤት ማረፉን ሰምቼ ሄድኩ። ከቀትር በፊት ነበር። ግቢው ውስጥ ማንጎ ስር ጆንያ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ለመጻፍ ይለማመዳል፤ የሙከራ ቁጥሮችን ነበር የሚጽፈው። ፊቱ ወደ ቦታው ተመልሷል። ጎኑ ተቀመጥኩ።

«ሥዕሉ ላይ ሁለት መስመር ጎድሏል» አለኝ ድንገት።

የጎደሉት ሁለቱ ድርጅት አይደሉም። ቅጹ የጠየቀው ስለ ድርጅት ብቻ ስለነበር እኔ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። በአራተኛው ቀን ከታሰረበት ያወጡትና ከሰሉ ስር ያስተኙት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ማን ጋ እንደሚሄድ ሲነግረኝ፣ ያን ያህል ዓመት የሠራሁበትን አገር እንደማላውቀው ተሰማኝ። ነገረኝና ወዲያው ወደ ቦርሳዬ ተመለከተ።

«አትጻፍ።»

«አልጽፍም።»

«ደብተሩ የት አለ?»

የትኛው ደብተር እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሃያ ሦስት ዓመት አንድም ደብተር ጥዬ አላውቅም። ቤቴ ውስጥ በዓመት በዓመቱ ታስረው ተደርድረዋል፤ አንድ ቀን ይህ ሆኗል ወይስ አልሆነም ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እዚያ ውስጥ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። የካማሺው ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጣቢያው ከተቃጠለ ወዲህ ቤት ትቼው ወጥቼ አላውቅም። አወጣሁት። ጥጉ ላይ የሾፌሩ ደም ደርቆ ጠቁሯል።

ገልጦ የራሱን ገጾች አገኘ። አሥራ ሦስቱም እዚያ አሉ፣ ከነመንገዳቸው፣ ከነሰዓታቸው፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ። እስከ መጨረሻው ቀስ ብሎ አነበበ። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ይህ ማክሰኞ ሳይሆን ሐሙስ ነው አለኝ። ተሳስቼ ነበር።

ከዚያ ሊቀድደው ሞከረ። በግራ እጁ ገጹን ይይዛል፣ ደብተሩን አጥብቆ የሚይዝለት ግን የለም። አውራ ጣቱ ብቻዋን አልቻለችም። በጉልበቱ ሊጫነው ሞከረ፤ አመለጠው። ሁለተኛ ሞከረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ አንተ ያዝ» አለኝ።

በሁለት እጄ ያዝኩለት። እሱ ቀደደ።